የፍሪጅ ጋዝ አያልቅም፤ ያፈሳል

ባለፈው ወር ለስላሳና ቀዝቃዛ ውኃ የሚሸጡ አንዲት እናት አስጠሩኝ። «ወንድሜ፣ ፍሪጄ ጋዝ ጨረሰብኝ፣ ሙላልኝ» አሉኝ። ስጠይቃቸው በአምስት ወር ውስጥ ሦስተኛው ነው። ከእኔ በፊት የመጣው ሰው ሁለት ጊዜ ሞልቶ፣ ሁለት ጊዜ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል።

«እትዬ፣ የፍሪጅ ጋዝ እኮ እንደ ከሰል አያልቅም» አልኳቸው። አላመኑኝም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም እንደ እሳቸው ያሉ ብዙ ሰዎች ስላሉ ነው።

ፍሪጅ ውስጥ ያለው ጋዝ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ሞተሩ (ኮምፕሬሰሩ) ይገፋዋል፣ ከኋላ ባለው ቀጭን ቱቦ ሙቀቱን ይለቃል፣ ውስጥ ገብቶ ያቀዘቅዛል፣ ተመልሶ ሞተሩ ጋ ይመጣል። ያው ጋዝ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያገለግል ይችላል። ከጎደለ የሆነ ቦታ ወጥቷል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ጋዝ መሙላት የተቀደደ ጀሪካን ይዞ ቦኖ እንደ መሰለፍ ነው።

ችግሩ ቀዳዳው በዓይን አይታይም። ጋዙም አይታይም፣ ብዙ ጊዜም አይሸትም። ስለዚህ የዚህ ሙያ ሰዎች አንድ ዘዴ አላቸው፦ ሲወጣ ራሱን የሚያሳውቅ ሌላ ጋዝ ያስገባሉ። እኛ «ጠቋሚ ጋዝ» እንበለው።

በትልልቅ ፋብሪካዎች የሚሠሩበት

በጣም የታወቀው ጠቋሚ ጋዝ ሂሊየም ነው። ሂሊየም አይቃጠልም፣ ከምንም ጋር አይዋሃድም፣ ቅንጣቱም በጣም ትንሽ ስለሆነች በጠባብ ቀዳዳ ታልፋለች። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ደግሞ ከሚሊዮን 5 እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ከዚያ በላይ ሂሊየም ካገኘ፣ ከቀዳዳው የመጣ መሆኑ ይታወቃል። ዘዴው የዳበረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ዩራኒየም የምታጣራበትን ፋብሪካ ስትሠራ ነው። እዚያ ትንሽ ፍሳሽ እንኳ ሥራውን ያበላሽ ነበር።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከዕቃው ውስጥ አየሩን መጥጦ ከውጭ ሂሊየም መርጨት ነው፤ ቀዳዳ ካለ ሂሊየሙ ወደ ውስጥ ገብቶ መሣሪያው ላይ ይታያል። ሌላው ሂሊየሙን ወደ ውስጥ ሞልቶ ከውጭ በመሣሪያ «ማሽተት» ነው።

ሂሊየም ውድ ስለሆነ ብዙዎች 5 በመቶ ሃይድሮጅንና 95 በመቶ ናይትሮጅን የተቀላቀለበትን ይጠቀማሉ። ሃይድሮጅን ለብቻው ይፈነዳል፤ በዚህ መጠን ሲቀላቀል ግን አይቀጣጠልም። ከመሬት በታች የተቀበረ የውኃ ቧንቧ ሲያፈስም ይህንኑ ድብልቅ ወደ ቧንቧው ይለቁታል። ሃይድሮጅኑ አፈሩን አልፎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሠራተኛውም መሬቱን እያሸተተ በሚሄድ መሣሪያ የት እንደሚቆፈር ያውቃል።

አረንጓዴው እሳት

እኔ ሙያውን የተማርኩባቸው ሽማግሌ በእሳት ነበር የሚፈልጉት። በዚያ ዘመን ፍሪጆች የሚሠሩበት አር 12 የሚባለው ጋዝ ክሎሪን ነበረበት። ክሎሪኑ የጋለ መዳብ ባለው የፍተሻ እሳት ሲያልፍ ነበልባሉ አረንጓዴ ይሆናል። ቀዳዳው እዚያ ነው ማለት ነው።

ዛሬ ይህ ዘዴ አደጋ ነው። አር 12 የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ ከ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት በኋላ ከገበያ ወጣ። እሱን የተካው አር 134ኤ ክሎሪን ስለሌለው እሳቱ ምንም አያሳይም። በብዙ አዳዲስ የቤት ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር 600ኤ ደግሞ ራሱ የሚቃጠል ጋዝ ነው፣ ከላይተር ጋዝ ጋር ወንድማማች። ሽታም የለውም። አንድ ባልደረባዬ ጋዙ ወጥቶ ያለቀ መስሎት ቱቦውን ሊበይድ እሳት ሲያስጠጋ ክንዱ ተቃጥሏል።

ስለዚህ ማንም ፍሪጃችሁን ሊሠራ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አብራችሁ አንብቡ። አር 600ኤ የሚል ወይም የእሳት ሥዕል ያለበት ሦስት ማዕዘን ካያችሁ፣ ክብሪትም ላይተርም አይቅረብ።

እኛ ጋ የሚሠራው

ሂሊየም የሚያሸት መሣሪያ እኛ የለንም። ግን ናይትሮጅንና የሳሙና አረፋ ሩቅ ያደርሳሉ። የእትዬን ፍሪጅ ከቤት አወጣነው። የቀረውን ጋዝ ደጅ፣ ከእሳት ርቀን ለቀቅነው። ከዚያ ደረቅ ናይትሮጅን በሬጉሌተር ጥቂት በጥቂት አስገባሁ፣ ፋብሪካው ከፈቀደው ግፊት ሳላልፍ። ጌጁን አየሁ፣ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና ውኃ ቀባሁ፣ ጠበቅሁ።

በናይትሮጅን ፈንታ ኦክስጅን የሚሞሉ አሉ። ይህ በፍጹም አይደረግም! ኦክስጅን በግፊት ከሞተሩ ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ፍሪጁ እየሠራ ሳሙና መቀባትም ሊያሳስት ይችላል፤ በአር 600ኤ ፍሪጅ በአንዳንዱ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጩ ስለሚያንስ፣ ጋዝ በመውጣት ፈንታ አየር ይገባል፣ አረፋም አይታይም።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንዲት ትንሽ አረፋ ብቅ አለች። የት መሰላችሁ? የቀድሞው ሰው ጋዝ የሞላበትን ቱቦ የደፈነበት ቦታ ላይ። በናይትሮጅን አጥቤ ከደፈንኩት በኋላ እስካሁን እየሠራ ነው።

የማብሰያ ጋዝ ሽታ

ጠቋሚ ጋዝ እናንተም ቤት ሊኖር ይችላል። የማብሰያ ጋዝ በተፈጥሮው ሽታ የለውም ለማለት ይቻላል። ያ የተበላሸ ጎመን የሚመስል ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ኒው ለንደን በተባለች ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሽታ የሌለው ጋዝ ተጠራቅሞ ፈነዳ፤ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች። ከዚያ በኋላ ነው ጋዝ እንዲሸት በሕግ ማስገደድ የተጀመረው።

ስለዚህ ሽታው ሲመጣ «ሲሊንደሩ ሊያልቅ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ። በርና መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችን አውጡ። መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፤ ስልክም ደጅ ወጥታችሁ ደውሉ። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ቶሎ አይጠፋም። ቤቶቻችን ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፣ ከአንዱ ቤት የተነሣ እሳት እዚያው አይቀርም። ጉንፋን የያዘው ሰው ሽታውን ላያውቅ ይችላል፤ ብዙ የቆየበት አፍንጫም ይለምደዋል። ከውጭ የገባ እንግዳ «ይሸታል» ካላችሁ እመኑት።

አየሩ ከጠራ በኋላ ሬጉሌተሩንና ጎማውን በሳሙና ውኃ ፈትሹ። አንድ ማንኪያ ሳሙና ይበቃል። ፍሪጅ ለሚያሠራ ሰው ደግሞ ምክሬ አንድ ነው፦ «ጋዝ ልሙላልህ» የሚል ሠራተኛ ሲመጣ፣ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት «ቀዳዳውን መጀመሪያ አሳየኝ» በሉት።