ስለ አዋሽ የዱር አራዊት ጥበቃና ስለ ጎብኚዎች ደኅንነት

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚወጣ መንገደኛ አዳማንና መተሐራን አልፎ፤ ከ200 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ ያገኛል። የአዋሽ ወንዝ ከግንጪ አጠገብ ተነሥቶ በረሓውን ያጠጣል፤ ባሕር ግን ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። 756 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ይህ ሥፍራ በ1961 ዓ.ም. በሕግ የተከለለው ሳላንና ሌሎቹን አራዊት ለመጠበቅ ነው።

ነገር ግን መከለል ብቻውን ጥበቃ አይሆንም። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና ፓርኩን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፤ የባለመኪናው ችኮላ ለእንስሳው ሞት፤ ለተሳፋሪውም አደጋ ያመጣል። የከረዩ፤ የኢቱና የአፋር አርብቶ አደሮችም በድርቅ ጊዜ ውሃና ሣር ፍለጋ ይመጣሉ። ሥፍራው ከአባቶቻቸው የወረሱት መሰማሪያ ስለ ሆነ፤ ሹም በመከልከል ብቻ ፈንታ ከሽማግሌዎቻቸው ጋር መክሮ ጊዜውንና መውረጃውን ቢወስን ይሻላል። ጎረቤቱ የተራበበት አጥር አይጸናምና።

ጎብኚም ግዴታ አለበት። ወንዙ አዞ ስላለበት መዋኘት አይገባም። በፏፏቴው ገደል አፍ መቆም፤ ያለ ጠባቂም ከመኪና ወርዶ ወደ አራዊት መቅረብ የጀግንነት ሳይሆን የስንፍና ምልክት ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ተራራ አካባቢ ምድር ደጋግማ በተንቀጠቀጠች ጊዜ ብዙ ሰዎች ቀዬአቸውን ለቀዋል፤ ስለዚህ ጎብኚ ሳይነሣ ወሬ ይጠይቅ፤ ጠባቂውም አስቀድሞ ያስታውቅ።

አዳም ገነትን የተቀበለው ሊጠብቃት ነበር፤ በአዋሽም ዳር የተሾመ ሁሉ የተቀበለው አደራ ይኸው ነው።