ኤክሴል ፋይል ሲከፍት ለምን ቀጥ ይላል? ከአየር ማረፊያችን የሻንጣ ታሪክ ጋር



በታክስ ሰሞን ከወላጆች ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ስለ ታክስ ሕግ አይደለም። «ኤክሴሉ አልከፍት አለኝ፤ ምን ይሻላል?» የሚል ነው። ዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ መንገደኛ እያመላለሰ የሚሠራ አባት ዓመቱን ሙሉ የነዳውን ማይልና ያወጣውን ወጪ በአንድ ፋይል ውስጥ ሲጽፍ ይከርማል። ኤፕሪል 15 ሲቃረብ ፋይሉ አልከፈት ካለ፣ ያ ወጪ ከገቢው ላይ ሳይቀነስ ሊቀርና ታክሱ ሊጨምር ይችላል። የቤቱ የኮምፒዩተር ሐኪሞች ደግሞ እናንተ ልጆች ናችሁ። ስለዚህ ለእማዬና ለአባዬ በአማርኛ እንድታስረዷቸው ይህችን ጽፌላችኋለሁ።

ኮምፒዩተር «ሃንግ አደረገ» ስንል ሞተ ማለታችን አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ከአቅሙ በላይ ሥራ ተሸክሞ እየታገለ ነው፣ ወይ ደግሞ ከሌላ ቦታ የማይመጣ መልስ እየጠበቀ ነው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ለዚህ ከራሳችን አየር ማረፊያ የተሻለ ምሳሌ የለም። አየር ማረፊያው ሊከፈት የታሰበው እ.ኤ.አ. በ1993 መጨረሻ ነበር። የተከፈተው ግን ከ16 ወር መዘግየት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1995 ነው። ዋናው ምክንያት ሻንጣ ነበር! ሻንጣዎቹን ሰው ሳይነካቸው እንዲያመላልስ የታሰበው ሲስተም ወደ 4,000 የሚጠጉ ትናንሽ ጋሪዎች፣ ከ20 ማይል በላይ ሐዲድ፣ 100 ያህል ኮምፒዩተሮችና 5,000 የኤሌክትሪክ ዐይኖች ነበሩት። በ1994 ጸደይ ለጋዜጠኞች ሲታይ ሻንጣ እየተቀደደ ልብስ ሐዲዱ ላይ ተበተነ።

ምን ሆኖ ነው? አንድ ቦታ ላይ ሻንጣ ተጨናንቆ ቆሟል። እዚያ ያለው የኤሌክትሪክ ዐይን ግን ክምሩን አላየውም፤ ስላላየውም «አቁም» የሚል መልእክት አልላከም። ኮምፒዩተሩ ሁሉም ደኅና መስሎት በላይ በላዩ ሻንጣ ይጨምራል። ሌላ ቦታ ደግሞ ሻንጣዎች ባዶ ጋሪ ይጠብቃሉ፤ ጋሪዎቹ ግን በሌላ አቅጣጫ ሄደዋል። አያችሁ ልጆች፣ ሁለቱም በሽታ እዚያው ነበር፤ መጨናነቅም፣ መልስ ማጣትም።

ከተማው ከጀርመን አገር ባለሙያዎች አስመጥቶ ካስመረመረ በኋላ፣ የወቅቱ ከንቲባ ዌሊንግተን ዌብ በሰው በሚነዱ ተጎታች ጋሪዎች የሚሠራ ሁለተኛ መንገድ እንዲዘጋጅ ወሰኑ። ብልጡን ሲስተም ግን ጨርሰው አልጣሉትም፤ ሸክሙን ቀነሱለት። ሲከፈት ያገለገለው ዩናይትድ አየር መንገድን ብቻ፣ ያውም ከዴንቨር ለሚነሱ በረራዎች ነበር። በ2005 ዩናይትድም ተወው፤ ጥገናው ብቻ በወር 1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይፈጅ ነበር።

ወደ አባዬ ኮምፒዩተር እንመለስ። ከሁሉ በፊት እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሡ። ደጋግሞ መጫን በተጨናነቀው ላይ ሌላ ሻንጣ መወርወር ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና ታስክ ማኔጀር የሚባለውን ክፈቱ። ከኤክሴል ትይዩ ሲፒዩ በሚለው ሥር ያለው ቁጥር ከፍ ብሎ የሚወዛወዝ ከሆነ ኤክሴል እየሠራ ነው፤ ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ ታገሡት። ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ ከተኛ ግን ምናልባት የሆነ መልስ እየጠበቀ ነው።

መልስ የሚጠበቅበት ነገር ብዙ ጊዜ ማንም የማይጠረጥረው ነው፤ ፕሪንተር! ኤክሴል ፋይል ሲከፍት የወረቀቱን መጠን ለማወቅ የተመረጠውን ፕሪንተር ይጠይቃል። ፕሪንተሩ ድሮ የተጣለ ወይም መሥሪያ ቤት የቀረ ከሆነ ማን ይመልስለት? ከዊንዶውስ ማስተካከያ ገብታችሁ «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» የሚለውን ቀዳሚ ፕሪንተር አድርጉትና ሞክሩ። ፋይሉ ፍላሽ ላይ ከሆነም ዴስክቶፕ ላይ ገልብጡትና ከዚያ ክፈቱት። ሲከፈት ከሌሎች ፋይሎች ቁጥር ላምጣ ወይ ብሎ ከጠየቃችሁ፣ ለጊዜው አታምጣ በሉት፤ ያ ሌላው ፋይል ተሰርዞ ሊሆን ይችላል።

ይህ ካልረዳ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዩ፤ የፋይሉ ነው ወይስ የኤክሴል? ባዶ ኤክሴል ክፈቱ። ባዶውም ከደረቀ ፋይሉ ንጹሕ ነው። ኮንትሮልን እንደተጫናችሁ ኤክሴልን ስትከፍቱ «በሴፍ ሞድ ልክፈት?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ በሉት። በዚህ መንገድ በደኅና ከሠራ፣ ምናልባት ኤክሴል ላይ የተለጠፈ ተጨማሪ ፕሮግራም አለ፤ አንድ በአንድ እያጠፋችሁ አጥፊውን ያዙት።

ባዶው ደኅና ከሆነ ግን ሕመሙ ፋይሉ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ቅጂ አውጡ፤ ሕክምናው ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን። (አዲስ ቃላት፦ ወደ ጎን የሚሄደው ረድፍ፣ ወደ ታች የሚወርደው ዓምድ ይባላል።) የዛሬው ኤክሴል በአንድ ገጽ ላይ 1,048,576 ረድፍ ይይዛል። አባዬ የጻፈው 400 ረድፍ ሆኖ ሳለ ፎርሙላው ሳይታወቀው እስከ ታች ድረስ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። ባዶ ኤክሴል ክፈቱና ፎርሙላስ በሚለው ውስጥ የሒሳብ ስሌቱን ወደ ማኑዋል ቀይሩት፤ ከዚያ ቅጂውን ክፈቱ። እንዲህ ሲሆን ሁሉንም ልደምር ብሎ አይታገልም። ከተከፈተ በኋላ ኮንትሮልና ኤንድን ተጫኑ። ጠቋሚው 900,000ኛው ረድፍ ላይ ሄዶ ከቆመ ሌባው ተያዘ ማለት ነው፤ ከ400 በታች ያሉትን ረድፎች ሰርዛችሁ ሴቭ አድርጉ፤ ስሌቱንም ወደ አውቶማቲክ መልሱት።

ይህም ካልሆነ፣ ፋይል መክፈቻው መስኮት ላይ ኦፕን ከሚለው ቁልፍ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ስትጫኑ «ኦፕን ኤንድ ሪፔር» ይመጣል። ይህ የተበላሸውን ይጠግናል፤ ግን አንዳንድ ፎርሙላ ሊያጠፋ ስለሚችል እኔ ወደ መጨረሻ የማስቀምጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ ወላጆች፣ መኪና ውስጥ የምታስቀምጡትን የማይል ደብተር ኤክሴል አለኝ ብላችሁ አትጣሉት። ፋይሉ ሲከፈት ልጁ ከደብተሩ ያንብብ፣ አባዬ ከስክሪኑ ይከታተል፤ የየወሩ ድምር እኩል መምጣቱን ሳታዩ ለታክስ ሠሪው አትላኩ።