ያውቁ ኖሯል? ሳምቡሳና ሩቁ ጊዮዛ
በአቃቂ ቃሊቲ ጠባብ ሳምቡሳ ቤቶች፣ ሠራተኛ ከፋብሪካ ሲወጣ መቆሚያ አይገኝም። ሙያው ያለው ሊጡ ላይ ነው፦ በስሱ ተዳምጦ ምጣድ ላይ ለብ ለብ ይደረጋል፤ ከዚያ በቁመቱ ተቆርጦ በሦስት ማዕዘን ይታጠፍና ጠርዙ በዱቄት ብጥብጥ ይታሸጋል። በውስጡ የሚሞላው ምስር ሳይፈርስ መውጣት አለበት፤ ውሃ ከያዘ ሊጡን ያላሽቀዋል። ቃሪያው ሲበዛ ደግሞ እንዴት እንደሚጥም! ለጾም ቀን ከዚህ የተሻለ መክሰስ አላውቅም።

ምግቡ ጥንታዊ ነው። ተጓዡ ኢብን ባቱታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በዴልሂ ሱልጣን ማዕድ ላይ ሥጋና ለውዝ የተሞላ ሳምቡሳ መቅረቡን ጽፏል።

እንደ ሳምቡሳ በሊጥ የሚጠቀለለው የጃፓኑ ጊዮዛ ደግሞ መነሻው ቻይና ነው። ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከማንቹሪያ የተመለሱ ጃፓናውያን በትናንሽ ምግብ ቤቶች አስፋፉት። እንደ ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ አይነከርም፤ አንድ ጎኑ ከተጠበሰ በኋላ ውሃ ጠብ ተደርጎበትና ተከድኖ በእንፋሎት ይበስላል።