ጅራት ያወጣ አስትሮይድ

አስትሮይድ ደረቅ አለት፣ ጅራታም ኮከብ ግን በረዶና አቧራ ነው ብለን በክፍል ውስጥ እናስተምራለን። ይሁን እንጂ በማርስና በጁፒተር መካከል የሚዞረው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. እንደ አስትሮይድ የተመዘገበው ኤልስት-ፒዛሮ፣ በ1996 የአቧራ ጅራት አውጥቶ ታየ። ምክንያቱ ምንድን ነው? ግጭት ቢሆን ኖሮ አቧራው አንድ ጊዜ ታይቶ በጠፋ ነበር። በ2010 ሺላ ከተባለው አስትሮይድ የተነሣው አቧራ በወራት ውስጥ ጠፍቷል። የኤልስት-ፒዛሮ ጅራት ግን በ2002 እና በ2007፣ ፀሐይን በቅርብ ካለፈ በኋላ፣ እንደገና ታየ። ስለዚህ ከገጹ ሥር የተቀበረ በረዶ በሙቀት ወደ ጋዝነት እየተለወጠ አቧራውን ይዞ እንደሚወጣ ይታመናል። እንግዲህ ተማሪ «አስትሮይድ ጅራት ይኖረዋልን?» ብሎ ቢጠይቀን «የለውም» ብለን አንለፈው፤ ጅራቱ ስንት ጊዜና መቼ እንደታየ አመዛዝኖ ምክንያቱን እንዲያገኝ እናድርገው።