የድሮን ኩባንያ አክሲዮን ከመግዛት በፊት

ላሊበላ ላይ ከሆቴልና ከአስጎብኚነት ሥራ ገንዘብ ያጠራቀሙ ወገኖች «ድሮን የሚሠራ ድርጅት ላይ ብናውለውስ?» ይሉኛል። ጥያቄው የበዛው ድሮን አምራቹ ስካይዊን ኤሮኖቲክስ ኢንዱስትሪስ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ነው።

እኔ ከምርቱ በፊት ገዢውን አያለሁ። የጦር ድሮን የሚገዛው መንግሥት ነው፤ ትንሽ ኩባንያ አንድ ደንበኛ ብቻ ካለውና ክፍያው ከዘገየ ደመወዝ መክፈል ያቅተዋል። ስለዚህ የተፈረመ ውል፣ ቅድመ ክፍያና የርክክብ ቀን አሳዩኝ እላለሁ። የመግባቢያ ሰነድ ገቢ አይደለም።

ሞተሩ፣ ካሜራውና ቺፑ ከውጭ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ወጪው በዶላር፣ ሽያጩ በብር ይሆናል። የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን ትርፉ በአንድ ወቅት ሊሟጠጥ ይችላል። ወደ ውጭ መሸጥ ይረዳ ይሆናል፤ የቱርኩ ድሮን አምራች ባይካር የገዘፈው ቲቢ2 የተባለውን ድሮን ለብዙ አገሮች በመሸጥ ነው፤ ለዚያም የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ላሊበላ ያለችበት ላስታ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ምን እንዳጣች አውቃለሁ። የቤተሰብን ጥሪት በጦርነት ትርፍ ላይ ማሳረፍ ለእኔ ከሒሳብም በላይ ይከብደኛል።

መውጫውንም ጠይቁ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፣ እዚያ ያልተመዘገበን አክሲዮን ግን በቸገራችሁ ቀን ገዢ ፈልጋችሁ መሸጥ የእናንተ ጣጣ ነው።