የደከምሽባቸው ዓመታት ወረቀት አላቸው?

ውድ እኅታችን፣ ዛሬ አንድ ነገር እንጠይቅሽ። ማታ ሥራሽን ጨርሰሽ ወደ ክፍልሽ ስትገቢ ሻንጣሽን ክፈቺና ተመልከቺ። የቤተሰብሽ ፎቶ ይኖራል። ገንዘብ የላክሽበት ደረሰኝ ይኖራል። በዚህ ቤት ስንት ዓመት እንደሠራሽና ምን እንደሠራሽ የሚናገር፣ አሠሪሽ የፈረመችበት ወረቀትስ አለሽ?

ከብዙዎቻችን ሻንጣ ውስጥ ይህ ወረቀት የለም። አለመኖሩ የሚታወቀን ደግሞ የሚያስፈልገን ቀን ነው።

በቤይሩት የምትሠራ አንዲት እኅታችን የሆነባትን እንንገርሽ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የልጅ ልጆቻቸው “ቴታ” የሚሏቸውን አንዲት አሮጊት ስታስታምም ኖረች። ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣቸዋለች፣ ሌሊት ሲያቃስቱ ትነሣላቸዋለች። አሮጊቷ ሲያርፉ ልጆቻቸው አልቅሰው አመሰገኗት። ቤቱ ተሸጠ፤ ልጆቹም ወደየአገሩ ሄዱ። እርሷም ሌላ ቤት ገባች።

በ2022 እ.ኤ.አ. ካናዳ ያለች ዘመዷ መልካም ዜና አሰማቻት። ሽማግሌ አባታቸውን የሚንከባከብላቸው ሰው የሚፈልግ ቤተሰብ ተገኝቷል። እኅታችን ከአገሯ ስትወጣ የኮሌጅ ዲፕሎማ ነበራት፤ እንግሊዝኛዋም ጥሩ ነበር። የተጠየቀችው “አረጋዊ መንከባከብሽን የሚመሰክር የአሠሪ ደብዳቤ ላኪ” የሚል ብቻ ነበር። የድሮ ማዳሟ ስልክ ግን አይሠራም። ዘጠኝ ዓመት የኖረችበት ሰፈር ሄዳ ብትጠይቅ የት እንዳሉ የሚያውቅ አልተገኘም። ከወራት በኋላ አንዷን የልጅ ልጅ በፌስቡክ አገኘቻት፤ ልጅቷም አክስቷን ጠይቃ ደብዳቤውን አስጻፈችላት። ደብዳቤው ሲደርስ ግን ቤተሰቡ ሌላ ሰው ቀጥሮ ነበር።

“አንድ ቀን፣ ቴታ በሕይወት ሳሉ፣ ማዳምን ጻፊልኝ ብላት በአምስት ደቂቃ ትጽፍልኝ ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ” ትላለች።

እኅቴ፣ አባቶቻችን “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ያሉት በከንቱ አይደለም። የማዳም ምስጋና በቃል ያለ ነው።

ለምን አሁን?

በሊባኖስ የ1946ቱ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጓቸዋል። ስለዚህ ደብዳቤው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በአሠሪሽ መልካም ፈቃድ ነው። መልካም ፈቃድ ደግሞ ቀን አለው። ዛሬ የምትወድሽ ማዳም ነገ ልትከስር፣ ልትሰደድ፣ ልትሞት ትችላለች። በ2020 በሊባኖስ የገንዘብ ቀውስ በበረታበት ጊዜ ብዙ አሠሪዎች እኅቶቻችንን በመኪና አምጥተው ቤይሩት ሐዝሚዬ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። ብዙዎቹ ደመወዛቸውን አልተቀበሉም፤ ፓስፖርት በእጃቸው ያልነበረም ነበሩ። በዚያ ቀን ደብዳቤ የሚጠይቅ ማን ነው?

ሁለተኛው ምክንያት የስደት በሮች ድንገት ተከፍተው ድንገት መዘጋታቸው ነው። ካናዳ በ2019 የጀመረችው የተንከባካቢዎች ፕሮግራም በጁን 2024 ተዘጋ። አዲሱ በማርች 31 ቀን 2025 ሲከፈት፣ ካናዳ ውስጥ ላሉ ሠራተኞች የተመደበው ቦታ ወዲያው ሞላ፤ ከውጭ ለሚያመለክቱ የታሰበው መስመር ደግሞ በዚያ ቀን አልተከፈተም። ይህን የምንነግርሽ ተስፋ ልንሰጥሽም ልናስቆርጥሽም አይደለም። በሩ ሲከፈት ደብዳቤ ፍለጋ የምትጀምር ሰው እንደማትደርስ እንድታውቂ ነው። የዛሬውን ሁኔታ ከደላላ ሳይሆን ከካናዳ መንግሥት የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ አረጋግጪ።

ደብዳቤው ምን ይያዝ?

“ጎበዝ ናት፣ ታማኝ ናት” የሚል ደብዳቤ ያስደስታል፤ ለኢሚግሬሽን ግን አይበቃም። የካናዳ ኢሚግሬሽን በሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ የሚፈልገው በአጭሩ ይህ ነው፦

1ኛ. ሙሉ ስምሽ፣ በፓስፖርትሽ ላይ እንደተጻፈው። አንዲት ፊደል ብትለይ ጥያቄ ታስነሣለች።

2ኛ. የአሠሪሽ ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ኢሜይልና ፊርማ። የግል ቤት ማኅተምና የድርጅት አርማ ያለው ወረቀት ስለሌለው የመታወቂያዋን ቅጂ ብታያይዝልሽ ደብዳቤው ይጠነክራል።

3ኛ. ሥራ የጀመርሽበትና የጨረስሽበት ቀን። አሁንም እዚያው ከሆንሽ “እስከ ዛሬ” ይባል።

4ኛ. በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠሪ። በካናዳ ሙሉ ጊዜ የሚባለው ቢያንስ 30 ሰዓት ነው። ከዚያ እጅግ በላይ እንደምትሠሪ እናውቃለን። ማዳም ትክክለኛውን ሰዓት መጻፍ ከፈራች “ከ30 ሰዓት ያላነሰ” ማለት ውሸት አይሆንም።

5ኛ. ደመወዝሽ።

6ኛ. የሥራሽ መጠሪያና የሠራሽው ሥራ ዝርዝር። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

በኢቃማሽ ላይ የተጻፈው “የቤት ሠራተኛ” ብቻ ይሆናል። አንቺ ግን ሕፃኑን ከአራስነቱ አሳድገሽ ትምህርት ቤት ያስገባሽው ነሽ። ካናዳ በተንከባካቢዎቹ ፕሮግራሞች ልጅ መንከባከብንና አረጋዊ ወይም ሕሙም መንከባከብን ትቆጥር ነበር፤ ማጽዳትና ማብሰል ብቻውን ግን አይቆጠርም ነበር። ስለዚህ “የቤት ሥራ ሠርታለች” የሚለው አንድ ቃል የደከምሽበትን ሁሉ ይሸፍንብሻል። ልጅ ከያዝሽ፦ አጥባለች፣ አብልታለች፣ አስተኝታለች፣ ከትምህርት ቤት አምጥታለች፣ ሲታመም ሐኪም ቤት ወስዳለች ተብሎ ይጻፍ። አረጋዊ ከያዝሽ፦ መድኃኒት በሰዓቱ ሰጥታለች፣ ከአልጋ አንሥታለች፣ አራምዳለች፣ ሌሊት ጠብቃለች ይባል።

ሥራሽ ማጽዳትና ማብሰል ብቻ ከነበረ ደግሞ እንደዚያው ይጻፍ። የተከበረ ሥራ ነው፤ ሌላ አሠሪ ዘንድም ይጠቅምሻል። ያልሠራሽውን ግን አታስጽፊ።

እንዴት ልጠይቅ?

ቀኑን ምረጪ። የተጣላችሁበት ቀን፣ እንግዳ የበዛበት ቀን፣ ደመወዝ የዘገየበት ቀን አይሁን። ኮንትራት የሚታደስበት ጊዜ፣ ልጁ ትምህርት የሚጀምርበት ወይም ማዳም ደስ ያላት ቀን ይሻላል። በዐረብኛ “ሸሃደት ኺብራ” ይባላል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃ ማለት ነው። ማንኛዋም ሠራተኛ የምትጠይቀው ተራ ወረቀት ስለሆነ መሸሽሽ እንዳይመስላት በእርጋታ ንገሪያት፦ “ማዳም፣ ልሄድ አይደለም። የሠራሁበትን የሚያሳይ ወረቀት ቤተሰቤ ዘንድ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ።” እውነትም ነው። ስለ ካናዳ ልትነግሪያት ግዴታ የለብሽም።

ብዙ ማዳሞች “ጻፊውና እፈርማለሁ” ይላሉ። እውነቱን እስከጻፍሽና አንብባ እስከፈረመች ድረስ ችግር የለውም። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አግኝተሽ እንዲህ ያለ ቃል አዘጋጂ፦

“እኔ ስሜ ከታች የተጻፈው፣ የፓስፖርት ቁጥሯ ይህ የሆነው እገሌ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በቤቴ የእናቴ ተንከባካቢ ሆና በሙሉ ጊዜ መሥራቷን አረጋግጣለሁ። በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት ትሠራ ነበር፤ የወር ደመወዟም ይህን ያህል ነበር። ሥራዋ እናቴን ማጠብ፣ መመገብ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠትና ሐኪም ቤት ማድረስ ነበር። ለተጨማሪ ማብራሪያ በዚህ ስልክና ኢሜይል ልታገኙኝ ትችላላችሁ።”

ደብዳቤው በዐረብኛ ከተጻፈ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ፈረንሳይኛ መተርጎም አለበት። ተርጓሚው የሥጋ ዘመድሽ መሆን አይችልም፤ ሕጋዊ ፈቃድ የሌለው ከሆነም ትርጉሙ ትክክል መሆኑን በመሐላ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

እምቢ ብትለኝስ?

እምቢታዋ የመጨረሻ አይደለም። ደብዳቤ ማግኘት ያልቻለ ሰው ምክንያቱን ጽፎ ሌላ ማስረጃ ሊያቀርብ ይችላል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምረሽ ሰብስቢ፦ ኮንትራትሽን፣ የየዓመቱን ኢቃማ ቅጂ፣ ገንዘብ የላክሽበትን ደረሰኝ፣ ማዳም ስለ ልጁ ወይም ስለ መድኃኒቱ የጻፈችልሽን የዋትስአፕ መልእክት፣ ከልጁ ጋር በየዓመቱ የተነሣሽውን ፎቶ። ሁሉንም በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ አገር ቤት ለምታምኚው ሰው ላኪ፤ በኢሜይልሽም አስቀምጪ። ስልክ ይጠፋል፣ ሻንጣም ይቀራል። ማዳም እምቢ ካለች ሚስተሩ ወይም ያደገችው ልጃቸው ሊፈርሙልሽ ይችሉ ይሆናል።

ከተበደልሽበት ቤት ወጥተሽ ከሆነ ግን ለደብዳቤ ብለሽ ወደዚያ አትመለሺ፤ ብቻሽን ነይ ቢሉሽም አትሂጂ። ነፍስሽ ከወረቀት ትበልጣለች።

ስለ ሐሰተኛ ደብዳቤ

“ገንዘብ ክፈዪኝ፣ የአምስት ዓመት ልምድ አጽፌልሽ እመጣለሁ” የሚሉ ደላሎች አሉ። እኅቴ፣ የኢሚግሬሽን መኮንን በደብዳቤው ላይ ወዳለው ስልክ ሊደውል ይችላል። የካናዳ ሕግ በሐሰተኛ ማስረጃ ያመለከተን ሰው ለ5 ዓመት እንዳያመለክት ይከለክላል። ገንዘቡን የወሰደው ደላላ አይከለከልም፤ የምትከለከዪው አንቺ ነሽ። እውነተኛው ድካምሽ እያለ በሐሰት ወረቀት ስምሽን አታበላሺ።

ያቺ እኅታችን አሁን የምትሠራበት ቤት ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። በየዓመቱ ኮንትራቷ ሲታደስ አዲስ ደብዳቤ ታስፈርማለች። የመጀመሪያውን ስትጠይቅ እጇ ተንቀጥቅጦ ነበር። ማዳሟ ግን ስቃ “ይህን ነው የፈራሽው?” ብላ ፈረመችላት።

አንቺም ይሉኝታውን ለአንድ ቀን ወደ ጎን አድርጊው። ሌሊት የተነሣሽላቸው፣ ያዘልሻቸው፣ ያሳደግሻቸው ሰዎች እውነት ናቸው። እውነቱ በወረቀት ይቀመጥልሽ።