ጫት የሚነካው የትኞቹን ሕዋሳት ነው? የሚያበሩ አይጦች ምን አሳዩን

ሐረር ጀጎል ውስጥ ከሰዓት በኋላ ብትዘዋወሩ ጫት የያዘ ሰው አታጡም። ቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ካቲኖን አንጎል ሲደርስ ዶፓሚን የተባለው መልእክት አድራሽ ኬሚካል በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል። የምርቃና አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ታዲያ መልእክቱን የሚቀበሉት የትኞቹ ሕዋሳት ናቸው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ከባድ ነበር። የአንጎል ሕዋሳት ሁሉ የያዙት ዘረመል ወይም ጂን አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ከጂኖቹ የትኞቹ እየሠሩ ነው የሚለው ነው። እስቲ ጀጎልን አስቡ። ጀበና የሌለው ቤት የለም፤ አሁን ቡና እየተፈላ ያለው ግን የት ነው? አጥሩን ዓይታችሁ አታውቁትም። ቡና በተፈላ ቁጥር ጣሪያው ላይ አረንጓዴ መብራት ቢበራስ? ሀኪም ጋራ ላይ ወጥታችሁ አንድ በአንድ ትቆጥሩታላችሁ።

ተመራማሪዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። መብራቱን ያገኙት ከባሕር ነው፦ አንድ የጄሊፊሽ ዝርያ አረንጓዴ የሚፈካ ፕሮቲን አለው። ፕሮቲኑን ያገኙትና ለምርምር ያበቁት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2008 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። የዚህን ፕሮቲን ጂን ከአንድ የአይጥ ጂን "ማብሪያ ማጥፊያ" ጋር አያይዘው በዳበረ የአይጥ እንቁላል ውስጥ ይከቱታል። በሚወለደው አይጥ አንጎል ውስጥ ያ ጂን የሚሠራባቸው ሕዋሳት ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍባቸው አረንጓዴ ይፈካሉ። ኒው ዮርክ ባለው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄንሳት የተባለ ፕሮጀክት በዚህ መንገድ የብዙ መቶ ጂኖችን ካርታ ሠርቷል።

ወደ ዶፓሚን እንመለስ። ስትራየተም በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ዲ1 እና ዲ2 የተባሉ የዶፓሚን ተቀባዮችን የያዙ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ተደባልቀው ይኖራሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መልካቸው አንድ ነው። በእነዚህ አይጦች ግን አንዱ ቀይ፣ ሌላው አረንጓዴ ሆኖ ተለየ። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ የዲ1 ሕዋሳት ሲነቃቁ አይጡ ይበልጥ እንደሚንቀሳቀስ፣ የዲ2 ሲነቃቁ ግን እንደሚገታ አሳየ።

በእርግጥ አይጥ ሰው አይደለም። የአይጥ አንጎል 70 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት ሲኖሩት የእኛ 86 ቢሊዮን ገደማ አለው። ሆኖም ሁለቱ ተቀባዮች በእኛም አንጎል ውስጥ አሉ።

ጫት መተው ያቃተውን ሰው "ወኔ የለውም" ብለን እንፈርድበታለን። ሕዋሳቱን ለይተን ስናውቅ ግን ጥያቄው ይቀየራል፦ የትኛው ሕዋስ ምን ሆኖ ነው? የሱስ መድኃኒት ፍለጋም የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።